ዘጠኝ ቀን በእንባ በር ደጃፍ

ጅቡቲ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። የምሠራበት ማተሚያ ቤት ከጣሊያን ያዘዘው አንድ ሣጥን የማሽን መለዋወጫ በ25 ቀን ይደርሳል ተብሎ ሦስት ወር ሊሞላው ነበር። የጫነው መርከብ የስዊዝን መንገድ ትቶ አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞረ፤ የዱባዩ ጀበል አሊ ወደብ ላይ ዕቃውን ለሌላ ትንሽ መርከብ አስረከበ፤ ትንሹ መርከብ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ጅቡቲ አራገፈው። ከደረሰ በኋላ ወረቀቱ ችግር አለበት ተባለ። አለቃዬ «በስልክ ሰለቸኝ፤ ሂድና በዓይንህ እየው» አሉኝ። በየማታው የጫርኩትን ነው ከተመለስኩ በኋላ አስተካክዬ የጻፍኩት።

ሰኞ፣ ጥር 12 ቀን 2017፤ ከድሬዳዋ ወደ ነጋድ

ጥምቀትን ድሬዳዋ ከዘመድ ጋር አሳልፌ በማግስቱ ባቡር ያዝኩ። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጥቶ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ለባጃጁ የከፈልኩትን ሳስበው እስካሁን ያመኛል።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጅቡቲ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ የድሮው ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ባቡሩን በፈረንሳይኛው «ሸሚን ደፈር» ሲሉ የድሬዳዋ ሰው መሆናቸው ይታወቃል። የፈረንሳዮቹ ሐዲድ በምኒልክ ፈቃድ ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋን ወልዶ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ነው። አሁን የተሳፈርንበትን ቻይናውያን ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ አብዛኛው ገንዘቡም የቻይና ብድር ነው።

«በኔ ዕድሜ ይቺ መንገድ ሦስት ቋንቋ ተናገረች» አሉኝ ሽማግሌው። «መጀመሪያ ፈረንሳይኛ። ከዚያ ዝም አለች። አሁን ቻይንኛ።»

«ቀጥሎስ አባባ?»

«ዝምታውን መልሼ ባልሰማው ደስ ይለኛል።»

አዲጋላን አልፈን ባቡሩ ቆመ። ግመሎች ሐዲዱ ላይ ገብተው ነው ተባለ፤ ከዚያ ግመሎቹ ወጥተዋል፣ ባለቤቱ ግን አልወጣም ተባለ። ሁለት ሰዓት ቆምን። ለጨዋታ ያህል «አሁን ዓለምን የሚገዛው ማን ነው ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሰሞኑን ሁሉም የሚጠይቀው ስለሆነ ያመጣሁት ነው እንጂ መልስ አልጠበቅኩም።

«ዘመነ መሳፍንትን አላስተማሩህም?» አሉ። «ንጉሥማ ነበረ። ጎንደር ተቀምጦ፣ አዋጁ ሁሉ በስሙ ይነገራል። ትእዛዙ ግን ከግቢው አጥር አያልፍም። ኒውዮርክ ያለው የመንግሥታቱ ድርጅት ሕንፃ እሱ ነው፤ ዘውዱ አለ፣ ሠራዊቱ የየራሱ ራስ ነው።»

ኢዮአስ ከተገደለበት እ.ኤ.አ. 1769 እስከ ቴዎድሮስ ንግሥ 1855 ሲቆጠር 86 ዓመት ነው። ይህንን ስነግራቸው ሳቁ። «ቢሆንም ያኔ ከራሶቹ የሚበልጠው የየጁው እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ለማን ግብር እንደምትገባ ታውቃለህ?» ባቡሩ ተንቀሳቀሰና ሳልመልስላቸው ቀረሁ።

በመስኮቱ የሚታየው ደረቅ ምድር ላይ ሁለት ነገር አብሮን ይጓዛል። አንዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ሌላው አይታይም፤ ከመሬት በታች ከአዲጋላ ጉድጓዶች ወደ ጅቡቲ የሚሄድ የውኃ ቧንቧ ነው፤ ያም በቻይና ብድር የተዘረጋ። ጅቡቲ መብራቷንም፣ ውኃዋንም፣ ጫቷንም፣ ሽንኩርቷንም ከኛ ትወስዳለች። እኛ ደግሞ ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በሷ ነው። ማን ማንን እንደያዘ ለመናገር ያስቸግራል።

የጅቡቲው ነጋድ ጣቢያ ስንደርስ መሽቷል። ታክሲው 2,000 ፍራንክ አለ፣ 1,500 ገባሁ። ያረፍኩት ካርቲዬ ዶ በሚባለው ሠፈር ውስጥ ምግብ ቤት ካላት ኢትዮጵያዊት ጓሮ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ቬንትሌተር፣ ለሌሊት 6,000 ፍራንክ። ሃያ ዓመት እዚህ ኖራለች። በአማርኛ ትቆጣለች፣ በሶማሊኛ ትከራከራለች፣ በፈረንሳይኛ ሒሳብ ታወራርዳለች፣ በዓረብኛ ዓሣ ትገዛለች።

ቴሌቪዥኑ ዋሽንግተንን እያሳየ ነበር። የትራምፕ ሁለተኛ በዓለ ሢመት በዚህ አገር ሰዓት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዋለ። ምግብ ቤቱ ውስጥ አምስት የኛ አገር ሹፌሮች፣ አንድ የመናዊ ዓሣ ሻጭ፣ አሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ውስጥ በጽዳት የሚሠራ የጅቡቲ ልጅ አሉ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተሳደበም። የእግር ኳስ ዕጣ ሲወጣ እንደሚታየው ነው የሚያዩት፤ ማን ከማን ጋር እንደሚደርሰው። በዚያው ሌሊት ሰውዬው ከዓለም ጤና ድርጅትና ከፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት አሜሪካን የሚያስወጣ፣ የውጭ እርዳታንም ለ90 ቀን የሚያግድ ትእዛዝ ፈረመ። የጽዳት ሠራተኛው የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ካምፑን ይዘጋዋል?»

«እሱን እንኳ አይዘጋውም፤ ብላ አሁን» አለችው ባለቤቲቱ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13፤ ጅቡቲ ከተማ

ጥር የጅቡቲ ምርጥ ወር ነው ይላሉ፤ ጠዋት ንፋስ አለ፣ ቀትር ላይ ብቻ ያልባል። ሐምሌን የሚያስታውሱ ሰዎች ሲያወሩ ፊታቸው ይጨማደዳል።

ትራንዚተሩ ቢሮ በሁለት ሰዓት ተገኘሁ፤ እሱ በአራት ሰዓት መጣ። ችግሩ ቀላል ነው፤ ለዚያ ነው የሚያናድደው። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ የመርከቡ የጭነት ሰነድ ላይ የሣጥኑ ክብደት 1,240 ኪሎ ተብሏል፣ የዕቃው ዝርዝር ፓኪንግ ሊስቱ ደግሞ 1,420 ይላል። ከሁለቱ ወደቦች በአንዱ አንድ ሰው ሁለት ቁጥር አገላብጧል። ማረሚያው ከመርከብ ድርጅቱ መምጣት አለበት፤ የመርከብ ድርጅቱ ወኪል ሁለተኛው መርከብ የኛ አይደለም ይላል፤ ሁለተኛው መጀመሪያውን ጠይቁ ይላል። የመጋዘኑ ኪራይ ግን ለማን እንደሚከፈል ፈጽሞ አልተምታታም።

«ከቀይ ባሕሩ ነገር ወዲህ እንዲህ ነው» አለ ትራንዚተሩ። «ድሮ አንድ ዕቃ በአንድ መርከብ ይመጣል። አሁን ሁለት ሦስት ጊዜ እጅ ይቀያይራል፤ እጅ በተቀያየረ ቁጥር ስህተት ይገባል።»

እዚህ ላይ ካርታው ያስፈልጋል። ባብ ኤል ማንደብ፣ በዓረብኛው የእንባ በር፣ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጅቡቲ ከተማ ከበሩ ውጪ ናት፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል። ከቻይና የሚመጣ ዕቃ በሩን ሳያልፍ ይደርስላታል፤ ከአውሮፓ የሚመጣው ግን ቀይ ባሕርን አቋርጦ በሩን ማለፍ አለበት። የየመን ሁቲዎች እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ መርከቦችን ሲመቱ የኛ ሣጥን ዓይነቱ ነው ዞሮ የቀረው። ከ100 በላይ መርከብ ተጠቅቷል፤ ሩቢማርና ቱተር የሚባሉት ሰጥመዋል። ሩቢማር የጫነው 21,000 ቶን ገደማ ማዳበሪያ ነበር። ማዳበሪያ የሚጠብቅ ገበሬ ያለው አገር ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ሆዱ ይረበሻል።

ሰባት ሰዓት ሲል ከተማው ተነሣ። ጫት መጥቷል። ከኛ አገር በጠዋት የተቆረጠው ከቀትር በኋላ እዚህ ጎዳና ዳር በሴቶቹ ጠረጴዛ ላይ፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ይሸጣል። ቢሮዎች ተዘጉ፣ ታክሲዎች ጠፉ። ሰዓቱን ጠብቆ ጅቡቲ የሚገባ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ ለሱ ማንም ቢል ኦፍ ሎዲንግ አያርምም።

ምሳ የየመን ዓሣ በላሁ፤ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ ምድጃ ግድግዳ ላይ የሚጠበስ፣ ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር። 2,200 ፍራንክ። ይህ ወደ 12 ዶላር ነው፣ ለማስላትም አያስቸግርም። ፍራንኩ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ተቸንክሮ የቀረ ነው። ብራችን ከሐምሌ 2016 ወዲህ እጥፍ ሲረክስ ያየ ሰው እንደዚህ ያለ ቁጥር ሲያይ የድሮ መምህሩን ያገኘ ይመስለዋል። ብቻ የራስን ገንዘብ ከሌላ አገር ገንዘብ ጋር ማሰርም የራሱ ሌላ ጣጣ አለው፤ የዋሽንግተን ሰው ሲያስነጥስ እዚህ መሐረብ ይፈለጋል።

ረቡዕ፣ ጥር 14፤ አንቡሊና ዶራሌ

ማረሚያው «ነገ» ስለተባለ የትራንዚተሩ ተላላኪ ልጅ በመኪናው ከተማውን ሊያሳየኝ ተስማማን፤ 5,000 ፍራንክ ከነዳጅ ጋር።

አንቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አጥሩ አያልቅም። ካምፕ ሌሞኒዬ የድሮ የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር ሰፈር ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 2002 ወዲህ አሜሪካኖች ገብተውበታል፤ አፍሪካ ምድር ላይ ያላቸው ቋሚ ጦር ሰፈር እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ውሉ ሲታደስ ኪራዩ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። እዚያው ጎን ጃፓኖች አሉ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከአገራቸው ውጪ የመጀመሪያ ቋሚ ሰፈራቸውን የከፈቱት እዚህ በ2011 ነው። ጣሊያኖችም የራሳቸው አላቸው። ፈረንሳዮቹ ወደ 1,500 ወታደር ይዘው በየቦታው ተበትነዋል። ጃፓኖቹና ጣሊያኖቹ መጀመሪያ የመጡት የባሕር ወንበዴ ሊያሳድዱ ነው፣ ወይም እንደዚያ ብለው ነው። ወንበዴው ቀነሰ፤ እነሱ ቤት ሠሩ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ አገር አንድ ላይ ሲኖር አይጣላም?» አልኩት።

«ይተያያል» አለ ተላላኪው። «መተያየት ነው ሥራው።»

ዶራሌ ስንደርስ የቻይና ሰፈር ግንብ ከሩቅ ታየ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 መጀመሪያ ላይ የተከፈተ፣ ቻይና ከድንበሯ ውጪ ያቆመችው የመጀመሪያ ወታደራዊ ሰፈር። ከአሜሪካኖቹ በመኪና ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በ2018 የአሜሪካ አብራሪዎች ከዚያ በኩል የሌዘር ጨረር ዓይናችንን መታን ብለው ከሰሱ፤ ቻይናዎቹ ሐሰት ነው አሉ። አጠገቡ የወደቡ ክሬኖች ቆመዋል። የኮንቴይነር ተርሚናሉን በ2006 በተሰጠ ውል የዱባዩ ዲፒ ወርልድ ያስተዳድረው ነበር። ጅቡቲ በየካቲት 2018 ውሉን ቀድዳ ወሰደችው፤ ኩባንያው ለንደን ላይ በግልግል ደጋግሞ ረታ፣ ወደቡ ግን አልተመለሰለትም። ዳኛ ፈርዶ ፍርዱን የሚያስፈጽም ሲጠፋ የሚሆነውን ማየት የፈለገ እዚህ ቆሞ ክሬኖቹን ይቁጠር።

እኔም ክሬኖቹን ላነሳ ስልኬን አወጣሁ። ፊሽካ ተነፋ። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው እየሮጠ መጣና ስልኬን ተቀበለኝ፤ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አጠፋ፣ የአክስቴን ልጅ የሰርግ ፎቶ ጭምር። በፈረንሳይኛ ጮኸ፤ ተላላኪው በሶማሊኛ ለመነ። ተለቀቅን። ከድንጋጤዬ የተነሣ ክንዱ ላይ ያለውን ባንዲራ ሳላይ ቀረሁ፤ የየትኛው አገር ወታደር የዘመዴን ሰርግ እንዳጠፋው እስካሁን አላውቅም።

ማታ ምግብ ቤቱ ውስጥ የመናዊው ዓሣ ሻጭ ቴሌቪዥኑን አስጮኸው። ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የምትባለውን መርከብ 25 ሠራተኞች ለቀቁ። በኅዳር 2023 የተያዙ ናቸው፤ ፊሊፒናዊ፣ ቡልጋሪያዊ፣ ሮማኒያዊ፣ ዩክሬናዊ፣ ሜክሲኳዊ። ወሬውን ስንከታተል ያስተዋልኩት፣ ሰዎቹን ተቀብሎ በአውሮፕላን የወሰደው ኦማን ነው። ባለፈው ዓመት ያንን ባሕር ስንት ሠራዊት ሲጠብቀው ነበር! አሜሪካ በታኅሣሥ 2023 የራሷን ዘመቻ አወጀች፤ አውሮፓውያን በየካቲት 2024 በራሳችን እዝ እንሆናለን ብለው ሌላ አቆሙ፤ ህንድ ብቻዋን፣ ቻይና ብቻዋን። አንዳንድ መርከቦች «ሠራተኞቻችን በሙሉ ቻይናውያን ናቸው» የሚል መልእክት በመከታተያ መሣሪያቸው እያስተላለፉ ያልፉ ነበር፤ በራፍ ላይ ደም እንደ መቀባት ያለ ነገር። በመጨረሻ ጉዳዩን ያለ መርከብ የጨረሰችው፣ ከሁሉም ጋር የምትነጋገር ትንሽ አገር ሆነች።

አንድ የደሴ ሹፌር ይህን ሲሰማ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» አለ። ባለቤቲቱ ከማጀት ሆና «ጅቡቲ አምስት ተክላለች፤ እኔ አንዱም ላይ አልተንጠለጠልኩም» ብላ መለሰችለት። የቤት ኪራይዋ ወታደሮቹ ከመጡ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደጨመረ ከዚያ በኋላ ለሩብ ሰዓት ዘረዘረች።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ማረሚያው አልመጣም። ቢሮው በሰባት ሰዓት ተዘጋ። እዚህ ዓርብና ቅዳሜ እረፍት ነው፤ «እሑድ ና» ተባልኩ። ሁለት ባዶ ቀን፣ ሁለት ቀን የመጋዘን ኪራይ።

ከሰዓት በኋላ ምኒልክ አደባባይ ተቀመጥኩ። ስሙ በይፋ ተቀይሯል፣ ሰው ግን ምኒልክ ይለዋል። ቡናው 400 ፍራንክ፤ ለአንድ ሲኒ። ቅስት ያላቸው ነጫጭ ሕንፃዎች ሥር ፀጉራቸውን የተላጩ ፈረንሳውያን ወጣቶች አይስክሬም ይበላሉ። ማክሮን ከአንድ ወር በፊት እዚህ መጥተው ገናን ከወታደሮቻቸው ጋር አክብረው ነበር። ማሊ፣ ቡርኪናፋሶና ኒጀር አስወጥተዋቸዋል፤ ቻድ በኅዳር ውሉን አፈረሰች፤ ሴኔጋልም ውጡ አለች። ጅቡቲ ብቻ በ2024 ውሉን አደሰችላቸው። ከአምስት ቤት የተባረረ እንግዳ በስድስተኛው ቤት እንዴት ዓይነት ጨዋ እንደሚሆን በልጆቹ አቀማመጥ የሚታይ መሰለኝ።

ዓርብና ቅዳሜ፣ ጥር 16 እና 17፤ ኦቦክ

የየመናዊው ዘመድ ኦቦክ ላይ ቡና ቤት አለውና «እዚያ ሄደህ በሩን እይ» አለኝ። በሞተር ጀልባ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ተሻገርን፤ 2,500 ፍራንክ። ማዕበሉ ጀልባዋን እያነሣ ያፈርጣት ነበር። ቦርሳዬ በረጠበ ጊዜ ፓስፖርቴ ከውስጥ እንዳለ ያስታወስኩት ኦቦክ ከደረስኩ በኋላ ነው። ገጾቹን በድንጋይ አስይዤ ፀሐይ ላይ ዘረጋኋቸው፤ የማሕተሞቹ ቀለም አንዱ ወደ ሌላው ፈሷል።

ኦቦክ ለፈረንሳይ የመጀመሪያዋ ናት። በ1862 በ10,000 ማርትሬዛ ብር ገዟት፤ ኋላ ጅቡቲ ትሻላለች ብለው ትተዋት ሄዱ። ዛሬ ትንሽ፣ ነፋሻ፣ ግድግዳዋ የተላላጠ ከተማ ናት። ምግቡ ሩዝና ዓሣ፤ ጠዋት ላሖሕ ከማር ጋር። ላሖሕን የኛ እንጀራ ታናሽ ወንድም ብል ቅር አይለውም፤ ዓይን አለው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ግን እጅ ያህል ናት።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ማርካዚ የስደተኞች መጠለያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የየመን ጦርነት ሲጀመር በጀልባ የመጡ የመናውያን የሰፈሩበት። ያረፍኩበት ቡና ቤት ባለቤት ከሞኻ ነው፤ ያን ዓመት ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ዓሣ በሚያጠምድባት ጀልባ ጭኖ ተሻገረ። ማታ በር ላይ ቁጭ ብለን ባሕሩን አሳየኝ። «ድሮ ሌሊት የመርከቡ መብራት ከተማ ይመስል ነበር» አለ፤ ልጁ በአማርኛ ያስተረጉምልን ነበር። ቆጠርን። እስክንተኛ አራት አየን።

ጠዋት ወደ መንገዱ ወጣሁ። ከታጁራ በኩል በእግር የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ኢትዮጵያውያን። ሁለቱን ከአንድ ግራር ሥር አገኘኋቸው፤ አንደኛው ከወሎ ነው፣ ሌላው ከሐረርጌ። ዕድሜያቸውን አልጠየቅኩም፤ ጢም አልነበራቸውም። ወደ ሳዑዲ ነው የሚሄዱት፣ በየመን በኩል።

«እዚያ ጦርነት እንዳለ ታውቃላችሁ?»

«ሰምተናል» አለ የወሎው። «ጦርነት ካለ ጠባቂ የለም አሉን።»

ይህን እንዲያው አልረሳውም። ዓለም ገዢ አጣ ብለው በየአዳራሹ የሚጨነቁ ሰዎች አሉ፤ ለዚህ ልጅ ግን ጠባቂ ማጣት ማለት የመንገድ መከፈት ነበር። ባለፈው መስከረም መጨረሻ በዚያው ዳርቻ፣ ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ስደተኞችን ደላሎች ባሕር መሃል ውረዱ ብለዋቸው 45 ሰው ሞቷል። ነገርኳቸው። የሐረርጌው ወደ ባሕሩ አየና «እኛ መሄጃው ላይ ነን፣ እነሱ መመለሻው ላይ ናቸው» አለኝ። የያዝኩትን ውኃና ብስኩት ሰጠኋቸው፤ ሌላ ምን እንደምሰጥ አላወቅኩም። የመናዊው በዚያው ውኃ ሸሽቶ ወደዚህ ሲመጣ፣ እነዚህ ወደዚያ። በመሃሉ የዓለም ጦር መርከብ ሁሉ።

እሑድ፣ ጥር 18፤ ወረቀቱ

ማረሚያው መጣ። 1,420። የማረሚያ ክፍያ፣ የመጋዘን ኪራይ፣ «ልዩ ልዩ» የሚባል ደረሰኝ የሌለው ክፍያ። ሣጥኑን መጋዘን ውስጥ አየሁት፤ እንደ ኩላሊቴ የተጨነቅኩለት ይመስል እንጨቱን ዳሰስኩት። አንድ ጥጉ ተሰብሯል። ትራንዚተሩ «ክፈትና እይ» አለኝ፤ ጫኚው መኪና እየጠበቀ ስለነበር አልከፈትኩም። ይህን ጥፋት የማደርገው በማንም ላይ አይደለም።

ሰኞና ማክሰኞ፣ ጥር 19 እና 20፤ ዲኪል፣ ጋላፊ፣ ሚሌ

ሣጥኑ ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ተሳቢ ላይ ወጣ፤ እኔም ጋቢና ገባሁ። ሹፌሩ 14 ዓመት በዚህ መስመር ኖሯል። ፒኬ 12 ላይ ወጥተን እስከ ዲኪል መንገዱ ደህና ነው፤ ከዚያ በኋላ አስፋልቱ ጎማ የረገጠው ሳይሆን ጎማ የበላው ነው። በባቡር የተንሳፈፍኩበትን ርቀት በጎድኔ ቆጠርኩት።

ዲኪል ላይ ሻይ ስንጠጣ የስንዴ ጫኝ ሹፌሮች ክርክር ላይ ነበሩ። ከዋሽንግተን ዓርብ ዕለት ለእርዳታ ድርጅቶች ሥራ አቁሙ የሚል ትእዛዝ ወጥቷል። ከወደብ የሚያነሱት ስንዴ የማን እንደሆነ በጆንያው ላይ ተጽፏል፤ ነገ ይጫናል ወይስ አይጫንም ነው ጥያቄው። አንዱ ቢሮ ደውሎ ነበር፤ ቢሮው «እኛም እየጠየቅን ነው» አለው። «የጠየቃችሁትን ጠይቄ ልንገራችሁ» ብሎ ዘጋባቸው። የኛ ሹፌር ብረት ነው የጫነው። «ብረት ማንም አይረዳህም፣ ማንም አይከለክልህም» አለኝ፣ ደስ እያለው።

ጋላፊ ላይ የመኪናው ሰልፍ ኮረብታውን ዞሮ አይታይም። ስድስት ሰዓት ቆምን። ረዳቱ ከመኪናው ሥር ፓስታ ቀቀለ፤ በበርበሬና በዘይት ብቻ፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ግን በጉዞው ሁሉ አልነበረም። የኢሚግሬሽኑ ሠራተኛ ፓስፖርቴን ከፈተና ወደ ብርሃኑ አነሣው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባሕር ገባበት።»

«ኦቦክ ምን ትሠራለህ?»

እዚህ ቆሜ ነበር ያሰብኩበት፤ ለምን እንደሄድኩ ለአንድ መንግሥት ሠራተኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ነገር የለም። «ዘመድ ጥየቃ» አልኩ። ማሕተሙን የፈሰሰው ቀለም ላይ መታልኝ።

ሌሊቱን ሎግያ አደርን፤ በማግስቱ ሚሌ ከኬላው በኋላ ቁርስ በላን። እዚያ የሚወራው ሌላ ነው። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች በኩል ምድሪቱ ከታኅሣሥ ጀምሮ ይበልጥ እየተንቀጠቀጠች ሰው ከቤቱ ወጥቷል፤ ከአዋሽ የመጡ ሹፌሮች አስፋልት ላይ ያዩትን ስንጥቅ በእጃቸው እየለኩ ያሳያሉ። ሹፌሬ ሰምቶ ሰምቶ «ይሄኛውስ የማን ነው?» አለ።

ከተመለስኩ በኋላ

በየካቲት 8 የጅቡቲው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማሕሙድ አሊ ዩሱፍ፣ የኬንያውን ራይላ ኦዲንጋን አሸንፈው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆኑ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ያን ቀን ማታ ደውላ «የኛ ሰውዬ ተሾመ» አለችኝ፤ «የኛ» ማለቷን ራሷም ሰምታ ሳቀች። የጽዳት ሠራተኛው ሥራው ላይ አለ። ቤት ኪራይ ጨምሯል።

ሣጥኑን ከፈትነው። በተሰበረው ጥግ በኩል ከነበሩት አራት የሚሽከረከሩ ብረቶች አንዱ ጎብጧል። አለቃዬ ለረጅም ጊዜ አገላበጡት፤ ምንም አልተናገሩኝም፣ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። ለጣሊያኖቹ ጻፍን። ወዲያው መለሱ፤ ብረቱ አለ፣ በሳምንት ውስጥ ይላካል፣ አንድ ነገር ብቻ እንድንወስን ይፈልጋሉ፦ በስዊዝ ይምጣ ወይስ በደቡብ አፍሪካ ይዙር? የስዊዙ ያጥራል፣ ኢንሹራንሱ ግን በኛ ነው። ሁቲዎቹ እናቆማለን ያሉት የጋዛው ተኩስ አቁም እስከጸና ድረስ ነበር።

አለቃዬ ኢሜይሉን አትመው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «አንተ አይተኸዋል፤ የቱ ይሻላል?» አሉኝ። ወረቀቱ እስካሁን እዚያው ነው።